መሐል አዲስ አበባ ላይ የዶፍ ዝናብን አደጋ ስንመዝን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዓመቱን ድምር ይዞ መፍረድ። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል፤ አብዛኛው በክረምት። ይህ ቁጥር ግን ፍልውሃ አካባቢ ለሚኖር ሰው ብዙም አይነግረውም። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ የዋለ 40 ሚሊ ሜትርና በአንድ ሰዓት የወረደ 40 ሚሊ ሜትር አንድ አይደሉም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በካሬ ሜትር 1 ሊትር ነው። ስለዚህ 40 ሚሊ ሜትር በ1 ሄክታር ላይ ሲወርድ 400,000 ሊትር ውሃ ይሆናል። ሣር ያለበት አፈር የተወሰነውን ይጠጣል። አስፋልትና ቆርቆሮ ግን ጠብታውን ሁሉ ወደ ታች ይለቁታል። መጠየቅ ያለበት በ15 ደቂቃና በአንድ ሰዓት ስንት እንደወረደ ነው።

ከአናታችን በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ማየት። የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ መሐል ከተማው ከሱ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል። የቀበና ወንዝ የሚነሳው ከዚያው ከእንጦጦ ነው። መሐል ከተማ ካዛንቺስ ፀሐይ እያለ፣ እንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ ላይ ዶፍ ሊጥል ይችላል። የአንድ ጣቢያ ልኬት ብቻውን ለመላው ከተማ አይበቃም።

«የ100 ዓመት ጎርፍ» ሲባል መዘናጋት። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት እንጂ፣ አንዴ ከመጣ 100 ዓመት ይጠፋል ማለት አይደለም። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመድረስ ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ነው። ቤት ሠርቶ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም!

የጎርፍ ማውረጃ ቱቦው ክፍት ነው ብሎ ማስላት። ወረቀት ላይ ቱቦው ሁሌም ባዶ ነው። ፒያሳ ቁልቁለቱ ላይ ቆም ብላችሁ የመንገድ ዳር ፍርግርጉን እዩት፦ ፌስታል፣ የተጨማደደ የውሃ ፕላስቲክ፣ የግንባታ አሸዋ፣ ከላዩ ጭቃ። ግማሹ የተደፈነ ቱቦ በስሌቱም በግማሹ ይያዝ። በልግም አይረሳ፤ በሚያዝያ ድንገት የሚወርድ ዝናብ ቦዩ ሳይጠረግ ይደርሳል።

ካርታውን ይዞ ሰዉን መርሳት። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተማችን ውስጥ ጎርፍ 7 ሰዎችን ገድሏል። ወንዝ ዳር ማን ይኖራል? አቅመ ደካማ አለ? ሌሊት ደራሽ ውሃ ቢመጣ ማን በር ያንኳኳል? በየትኛው መንገድስ ይወጣሉ? ይሄ ሁሉ ግምገማው ውስጥ በጽሑፍ ይግባ፤ ቢቻል ግንቦት ሳያልቅ።