የመኪና ጌም ላይ የትኛውን አሲስት እንዝጋ፣ የትኛውን እንተው?

እዚህ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ጌም ቤት ውስጥ ተራ እየጠበቅኩ ነበር፣ 12 ዓመት ቢሆነው ነው የምለው ልጅ ኳሱ ሰልችቶት መሰለኝ ግራን ቱሪስሞ 7 ይከፈትልኝ አለ፣ ሂሳቡን ከፈለ፣ የምታምር መኪና መረጠ፣ የመጀመሪያውን ኩርባ እንደምንም ዞረና ሲወጣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሲጫነው መኪናዋ እንደ እንዝርት ሾረች። ደገመ፣ አሁንም ሾረች። ሦስተኛው ላይ ጆይስቲኩን አስቀመጠና "እኔ መኪና አልችልም" ብሎ ኳሱን አስመለሰ። ተራዬ ሲደርስ ሴቲንጉን ከፍቼ ሳየው ከሱ በፊት የነበረው ሰው ጌሙ ለሹፌሩ የሚሰጠውን እርዳታ አጥፍቶ ነው የሄደው፣ ትራክሽኑን ዜሮ አድርጎ፣ ኤቢኤሱን አጥፍቶ፣ መስመሩን ዘግቶ። ልጁ እኮ መንዳት አቅቶት አይደለም፣ በዛ ሴቲንግ ማንም ጀማሪ ይሾራል። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ይሄን የምጽፈውም እንደሱ ሳያውቁ ለሚተዉት ነው።

ስለዚህ ከምንም በፊት፣ በተለይ ጌም ቤት የምትጫወቱ ከሆነ፣ መኪና ከመምረጣችሁ በፊት ሴቲንግ ግቡና አሲስት የሚለውን እዩ። ግራን ቱሪስሞ 7 ላይ ጀማሪ፣ መካከለኛ እና ኤክስፐርት የሚሉ የተዘጋጁ ሦስት ምርጫዎች አሉ፣ መካከለኛውን ንኩትና ከዛ ተነሱ። ሰዓቱ የሚቆጥረው ገንዘብ ነው፣ ግን ይቺ አንድ ደቂቃ አትፈጅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አሲስት ማለት በቃ ረዳት ነው፣ እኛ ደግሞ ረዳት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቃለን። አይሱዙ ወደ ኋላ ሲገባ ረዳቱ ወርዶ "ና! ና! ና! ቁም!" ይላል፣ ሹፌሩ የማያየውን ያይለታል፣ መሪው ግን ሹፌሩ እጅ ላይ ነው። ጌም ውስጥም እንደዚህ የሚያሳያችሁ ወይም ያዘዛችሁትን የሚያግዛችሁ ረዳት አለ፣ ከእጃችሁ መሪውን ነጥቆ ራሱ የሚነዳም አለ። ነጣቂውን ቀድማችሁ አሰናብቱት፣ አጋዡን ግን እስክትችሉ ድረስ አታባርሩት፣ አንዳንዱን ደግሞ ጭራሽ ማሰናበት አያስፈልግም። እኔ ቅደም ተከተሉን የምወስነው በዚህ ብቻ ነው።

ነጣቂዎቹ ሁለት ናቸው፣ ስቲሪንግ አሲስት እና አውቶማቲክ ፍሬን። አውቶማቲክ ፍሬን ኩርባ ሲመጣ እናንተ ሳትነኩት መኪናውን ያቀዘቅዘዋል፣ ስቲሪንግ አሲስት ደግሞ መኪናውን ወደ መስመሩ ይጎትተዋል። የመጀመሪያ ቀን ደስ ይላል፣ ሁሉም ኩርባ ያልፍላችኋል፣ ግን ወር ሙሉ ተጫውታችሁ አንድ ነገር አትማሩም፣ ምክንያቱም የት ፍሬን እንደሚያዝ የሚያውቀው እሱ ነው። ልጃችሁ ወይም ታናሽ እህታችሁ 6 እና 7 ዓመት ከሆኑ ተዉላቸው፣ ይደሰቱ። ከዛ በላይ ከሆናችሁ ግን ዛሬውኑ ዝጉት። ሁለት ቀን ግድግዳ ትመታላችሁ፣ ችግር የለውም።

ቀጥሎ መስመሩ ነው፣ አስፋልቱ ላይ የሚሳለው፣ ፎርዛ ሆራይዘን የሚባለው የመኪና ጌም ላይ ፍጥነታችሁ ሲበዛ ቀይ የሚሆነው። እሱ መሪ አይነጥቅም፣ ግን ዓይን ይነጥቃል። የአጎቴ ልጅ ወንጂ ነው የሚኖረው፣ ትምህርት ሲዘጋ እኛ ቤት ይመጣና ፒኤስ 4ቱን አይለቅልኝም፣ ሲነዳ ዓይኑን ሳየው ከመኪናው ሦስት ሜትር ፊት ያለችውን መስመር ብቻ ነው የሚያየው፣ ቀዩን ሲያይ ይረግጣል፣ ሰማያዊውን ሲያይ ይለቃል፣ በቃ ትራፊክ መብራት ላይ እንደቆመ ሰው። መስመሩን ብዘጋበት ምን እንደሚሆን ለማየት ሞንዛን ከፈትኩለት፣ ጣሊያን ሚላኖ አጠገብ ያለውን የውድድር መንገድ፣ ዙሩ 5.793 ኪሎሜትር ነው፣ ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ በኋላ ድንገት ወደ ቀኝ ከዛ ወዲያው ወደ ግራ የሚታጠፍ ጠባብ ኩርባ አለው። በቀጥታው ሄዶ ከመንገዱ ወጣ።

እዚህ ጋ ነው መማር የጀመረው። ከመንገዱ ዳር 150፣ 100፣ 50 የሚሉ ሰሌዳዎች አሉ፣ ለኩርባው ስንት ሜትር እንደቀረ የሚናገሩ። "መስመሩን እርሳው፣ 150ውን ስታይ ፍሬን ያዝ" አልኩት። መኪናው ከኩርባው በጣም ቀድሞ ከቆመ በሚቀጥለው ዙር ትንሽ ዘግየት፣ ካለፈ ቀደም፣ እንደዚህ አድርገን በአሥር ዙር ውስጥ ቦታውን አገኘው። ሰሌዳ የሌለበት ኩርባ ላይ ድልድይ፣ የአጥር መጨረሻ፣ የአስፋልቱ ቀለም የተቀየረበት፣ ማንኛውንም የማይንቀሳቀስ ነገር ምልክት አድርጉ። የዛፍ ጥላን ግን አትመኑ፣ ሰዓት ሲቀየር ይሄዳል። አንዴ መዝጋት የሚከብዳችሁ ከሆነ ፎርዛ ላይ "ፍሬን ላይ ብቻ" የሚል ምርጫ አለ፣ ኤፍ ዋን ጌሞች ላይ "ኩርባ ላይ ብቻ" የሚል አለ፣ ሁለት ሳምንት በሱ ቆዩና ከዛ ዝጉት።

ያን ቀን አጎቴም እኛ ጋ ነበር። አጎቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ ከባድ መኪና፣ ጌም አይወድም፣ ቡናውን ይዞ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና ልጁን "አንተ፣ ፍሬን ረግጠህ ነው መሪ የምትጠመዝዘው? ልቀቅና አዙር!" አለው። እኔ ያን ነገር ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ጎማ ያለው ጉልበት የተወሰነ ነው፣ ሙሉውን ለፍሬን ከሰጣችሁት ለመሪ የሚተርፍ የለም፣ ስለዚህ ቀጥ ብላችሁ እያላችሁ በደንብ ትይዛላችሁ፣ ወደ ኩርባው ስትገቡ ቀስ እያላችሁ ትለቃላችሁ፣ መሪው በዞረ ልክ ፍሬኑ ይቀንሳል። ጎማው ከነጭራሹ ከተቆለፈ ደግሞ መንከባለሉን ያቆማል፣ የማይንከባለል ጎማ መሪ አይሰማም፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብትጠመዝዙ በቀጥታ ነው የሚሄደው።

ኤቢኤስ የሚሠራው እዚህ ነው፣ ጎማው ሊቆለፍ ሲል ፍሬኑን ቶሎ ቶሎ እየለቀቀ እየያዘ እንዲንከባለል ያደርገዋል። ልብ በሉ፣ የት እንደምትይዙ አይወስንላችሁም፣ ያዘዛችሁትን ነው የሚያግዘው። ስለዚህ ኤቢኤስን መጨረሻ ላይ ዝጉት፣ ወይም ጭራሽ አትዝጉት። በጆይስቲክ የምንጫወት ሰዎች ፍሬናችን የአንዲት ጣት እንቅስቃሴ ናት፣ ከመያዝ እስከ መቆለፍ ያለው ርቀት ጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ እግር እና ፔዳል ያለው ሰው የሚሰማውን እኛ አይሰማንም። የፒኤስ 5 ጆይስቲክ ላይ ኤል 2፣ የፍሬኑ ቁልፍ፣ ጣታችሁ ስር እየጠነከረ ስለሚነግራችሁ ይሻላል፣ ፒኤስ 4 ላይ ግን ያ የለም። ግራን ቱሪስሞ ላይ "ደካማ" የሚል መካከለኛ ኤቢኤስ አለ፣ መሞከር የምትፈልጉ በሱ ጀምሩ።

"ኤቢኤስ አብርቶ የሚነዳ ሹፌር አይደለም" የሚሉ ልጆች አሉ፣ ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ኤፍ ዋን ላይ ኤቢኤስ እና ትራክሽን ኮንትሮል እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ተከልክለዋል፣ ትራክሽን በ2001 ተፈቅዶ በ2008 እንደገና ተከለከለ፣ እሺ፣ ስለዚህ የኤፍ ዋን ጌም ላይ መዝጋት የእውነቱን ያስመስላል። የጂቲ 3 መኪኖች፣ ከመንገድ መኪና ተነስተው ለውድድር የሚሠሩት፣ ግን እውነተኛው ውድድር ላይ ሁለቱም አላቸው፣ ሹፌሩ እየነዳ ደረጃውን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። አሴቶ ኮርሳ የሚባለው ጌም ይሄን ስለሚያውቅ "ፋክተሪ" የሚል ምርጫ አለው፣ መኪናው ሲሠራ የነበረውን አሲስት ብቻ ይሰጣችኋል። ዛሬ የምናውቀው ኤሌክትሮኒክ ኤቢኤስ ራሱ እኮ እ.ኤ.አ. በ1978 መርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ነው የወጣው፣ ሰው እንዳይሞት። ባለሙያው የሚጠቀምበትን ነገር እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጠን የምናፍርበት ምክንያት የለም።

ስታቢሊቲ ኮንትሮልን፣ ግራን ቱሪስሞ ኤኤስኤም የሚለውን፣ ቶሎ ዝጉት። መኪናው ሊሾር ሲል የአንዱን ጎማ ፍሬን ለብቻው እየያዘ ያስተካክላል፣ ለእውነተኛ መንገድ ሕይወት አዳኝ ነው፣ ጌም ላይ ግን ኩርባ በገባችሁ ቁጥር ስለሚይዛችሁ ፍጥነት ይበላል፣ እናንተ ደግሞ ለምን እንደቀዘቀዛችሁ አይገባችሁም።

ትራክሽን ኮንትሮል ግን ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ከኩርባ ስትወጡ ነዳጅ ሲበዛ የሚገፋው ጎማ በባዶ እንዳይሽከረከር ሞተሩን ያፍነዋል። ግራን ቱሪስሞ ላይ ከ0 እስከ 5 ነው፣ በ3 ጀምሩ፣ የትራክሽኑ መብራት ብልጭ የምትለው አልፎ አልፎ ብቻ ሲሆን ወደ 2፣ ከዛ ወደ 1። ከ1 ወደ 0 ያለው ልዩነት ከ3 ወደ 1 ካለው ይበልጣል፣ አትቸኩሉ። በፊት እግር የምትጎተት መኪና ወይም በአራቱም የምትገፋ ከሆነች ቶሎ መቀነስ ትችላላችሁ፣ በኋላ እግር የምትገፋ ጉልበተኛ መኪና ላይ ግን ያ ጌም ቤት ያለው ልጅ የደረሰበት ይደርስባችኋል። ዝናብ ያለበት ውድድር ሲሆን ደግሞ አንድ ሁለት ደረጃ መልሳችሁ ጨምሩ። እዚህ አዳማ ነፋሱ ስንት ወር ሙሉ አስፋልቱ ላይ አቧራ ሲያለብስ ይከርምና የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ባጃጆቹ እንዴት እንደሚንሸራተቱ አይታችኋል አይደል፣ ያ መንገድ በደረቁ ጊዜ በነበረው ነዳጅ አይነዳም። ግራን ቱሪስሞ ላይ ይሄን እየነዳችሁም በጆይስቲኩ ቀስቶች መቀየር ትችላላችሁ።

ላፕቶፕ ላይ በኪቦርድ የምትጫወቱ፣ ትራክሽኑን እንድትዘጉ አልመክርም፣ የኪቦርድ ቁልፍ ወይ ሙሉ ነዳጅ ነው ወይ ባዶ፣ ግማሽ የሚባል የለውም፣ ያን ግማሽ የሚሠራላችሁ ትራክሽኑ ነው። መሪው ላይም ፎርዛ ውስጥ "ሲሙሌሽን" የሚለውን አትንኩ፣ እሱ እውነተኛ መሪ ለገዛ ሰው ነው፣ ለጆይስቲክ "ስታንዳርድ" ይበቃል።

ማርሽ ደግሞ እንደ ሌላው አይደለም፣ ወደ ማኑዋል የምትቀይሩት ስትፈልጉ ነው። ኦቶማቲክ ማርሽ ኩርባውን አያየውም፣ መሃል ላይ ስትሆኑ ይቀይርና መኪናውን ያናጋዋል፣ ማኑዋል ላይ ግን ቁልቁለት የሚወርድ ከባድ መኪና ሹፌር ማርሽ ይዞ እንደሚወርደው ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆንላችኋል። አጎቴ ይቺን ሲያይ ነው ወንበሩን ጠጋ ያደረገው። ፍሪሲዮን ያለበትን ምርጫ ግን በጆይስቲክ አትሞክሩት፣ ጣት ይበቃችኋል ብዬ አላስብም።

አንድ የማይረሳ ነገር፣ አሲስት ሁሉ አስተካክላችሁ መኪናው አሁንም ዘግይቶ የሚሰማችሁ ከመሰላችሁ ቴሌቪዥኑን እዩ፣ "ጌም ሞድ" ላይ ካልሆነ ጣታችሁና ስክሪኑ አይገናኙም፣ ፍሬን የያዛችሁት በጊዜው ቢሆንም አይናችሁ የሚያየው ቆይቶ ነው። ብዙ ጌም ቤት ይሄ አይነካም፣ አስተካክሉልኝ በሏቸው። ፎርዛ ሆራይዘን 4 እና 5 የምትጫወቱ ደግሞ አሲስት በዘጋችሁ ቁጥር ከውድድሩ የምታገኙት ብር በፐርሰንት ይጨምራል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ለሱ ብላችሁ ሁሉንም በአንድ ቀን እንዳትዘጉ፣ አንድ ዝጉ፣ እሱን እስክትለምዱ በአንድ መኪና በአንድ መንገድ ላይ ቆዩ፣ ከዛ ሌላውን። ሁለት አንድ ላይ ከዘጋችሁ ያሾራችሁ የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

የአጎቴ ልጅ አሁን መስመር የለውም፣ ኤኤስኤም የለውም፣ ትራክሽኑ 2 ላይ ነው፣ ኤቢኤሱ በርቷል፣ ሞንዛን ጠጠር ሳይነካ ይዞራል። ማርሹ ገና ኦቶማቲክ ነው፣ አባቱ "ከጅቡቲ ስመለስ እሱን እኔ ነኝ የማሳየው" ብሏል።