ሲፕሮና ዶክሲ ስትወስዱ አትሳሳቱ

ሐዋሳ መድኃኒት ቤት ቆሜ ስውል ደጋግሜ ከምሰማቸው ነገሮች አንዱ «ሲፕሮው አልሠራልኝም» የሚለው ነው። ሲፕሮ፣ ሙሉ ስሙ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ነው። «በምን ዋጡት?» እላለሁ። በወተት! ጨጓራ እንዳይነካ፣ መድኃኒቱን እንዲያበርደው ተብሎ። እባካችሁ ይሄን ተዉት። ሲፕሮፍሎክሳሲን ካልሲየም (ወተት ውስጥ ያለው)፣ ማግኒዥየም፣ አሉሚኒየም፣ አይረን ወይም ዚንክ ካገኘ አጥብቆ ይይዘዋል፣ እንደዚያ ተያይዞ ደግሞ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ መግባት ይከብደዋል። ከምግብ ጋር መዋጥ ይቻላል፤ ችግሩ ወተት ወይም እርጎ ብቻውን ሲሆን ነው። ከወተት የሚብሰው ደግሞ ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ ሽሮፕ ነው፤ የመድኃኒቱን አብዛኛውን ክፍል ያስቀረዋል።

እኔም አጥፍቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲፕሮ ታዘዘላት፤ ለደም ማነስም አይረን ትወስድ ነበር። ሁለቱንም «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ብዬ ጻፍኩላት። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሳይለቃት፣ ወገቧን ይዛ መጣች። ከፌስታሏ አውጥታ ሁለቱን እሽግ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ነው የገባኝ። እኩል ጎድለዋል፤ ሁለቱን አብራ ነበር የምትውጣቸው። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ሐኪሟ መለስኳት፤ ያ እሽግ እስከ ዛሬ አይኔ ላይ አለ።

ስለዚህ ሲፕሮ ከነዚህ ነገሮች 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይዋጥ። ሲፕሮው ጠዋትና ማታ 1 ሰዓት ላይ ከሆነ አይረኑን ረፋድ 4 ሰዓት አድርጉት። ለታካሚዎቻችሁ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱን ጻፉላቸው፣ አዲስ የተመረቃችሁ ልጆች፣ በቃል ብቻ አትንገሯቸው።

ተማሪዎች ደግሞ ማግኒዥየም የመድኃኒቱ ጠላት ብቻ ይመስላቸዋል። አንጀት ውስጥ አዎ። ባክቴሪያው ውስጥ ግን ሲፕሮ ዲኤንኤ ጋይሬዝ የሚባለውን ኢንዛይም የሚይዘው በማግኒዥየም ድልድይነት ነው። ጋይሬዝ ዲኤንኤውን ቆርጦ፣ ውጥረቱን አላልቶ መልሶ ይገጥመዋል። ሲፕሮ ሲይዘው ቆርጦ ሳይገጥም ይቀራል፤ ባክቴሪያውም በተቆራረጠ ዲኤንኤ ይሞታል።

ሌላው የባክቴሪያ መድኃኒት ዶክሲሳይክሊን (ዶክሲ) ዲኤንኤን አይደለም የሚያጠቃው፤ ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም ነው። ማዕድን ግን እሱንም ይይዘዋል፣ ስለዚህ ከአይረንና ከጨጓራ ሽሮፕ አራርቁት።

ዶክሲ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጥ፤ ወዲያው ጋደም አትበሉ፣ የምግብ ቧንቧ ያቆስላል።