የሽንኩርት ልጣጭ አይጣል፦ የበግ ፀጉር ፈትል እንዴት ይቀለማል?

ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት በሚራገፍበት ሰዓት ገበያ ከወጣችሁ ልጣጩን አይታችሁታል። ጆንያ በተነሳ ቁጥር ይበናል፣ እግር ስር ይንኮሻኮሻል፣ ማታ ወይ ይቃጠላል ወይ ቦይ ይዘጋል። ምንጃርም ያው ነው። ከሮቢት ደብረ ሲናን አልፋችሁ፣ ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ ስትታጠፉ ደግሞ የበግ አገር ትገባላችሁ። መንዝ ፀጉሩን በእንዝርት ይፈትላል፣ ባና ይሠራበታል። ቀለም ሲያስፈልግ ግን ከሱቅ ዱቄት ይገዛል። ቆላው የሚጥለው ልጣጭ ለደጋው ፈትል ጥሩ ቀለም ነው፤ የሚያስፈልገው ትንሽ ትዕግሥትና አንድ ሁለት ነገር ማወቅ ብቻ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ሽንኩርቱ ቀይ ስለሆነ ፈትሉ ቀይ ይሆናል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። የሚወጣው ከወርቃማ ቢጫ እስከ ቡናማ ነው፤ አንዳንዴ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ቀይ የሚመስለው ቀይ ሥር ደግሞ ድስቱ ውስጥ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፣ ሲታጠብ ግን ጥሎ ይሄዳል። አትድከሙበት።

የሚያስፈልገው

ግማሽ ኪሎ ደረቅ ፈትል፣ ግማሽ ኪሎ ደረቅ ልጣጭ፣ 60 ግራም አሉም እና 15 ሊትር ያህል ውሃ የሚበቃው ትልቅ ድስት። አሉም የደፈረሰ ውሃ ለማጥለል የሚጨመረው ነጭ ነገር ነው፤ ኬሚካል መሸጫ ሱቅ ይገኛል። ድስቱ የማይዝግ ወይም ያልተላጠ የሸክላ ቅብ ያለው ይሁን። የብረት ድስት ቀለሙን ያጠቁረዋል። አንዴ ለቀለም የዋለ ድስት ወደ ወጥ አይመለስም፣ ይህን ከአሁኑ ለቤተሰቡ ንገሩ።

ግማሽ ኪሎ ልጣጭ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ነፋስ የሚወስደው ነገር ስለሆነ ሚዛን ላይ እንዲደርስ ብዙ ይፈልጋል። ከቤት ፍጆታ ብቻ እሰበስባለሁ ካላችሁ ወራት ይፈጃል። አቋራጩ ድግስ ቤት ነው። ለሠርግ ወይም ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሲላጥ ባለቤቶቹ ልጣጩን የሚወስድላቸው ቢያገኙ ይመርቁታል። የምትፈልጉት የላይኛውን ደረቅና ወረቀት የመሰለውን ብቻ ነው። ሻጋታ ያለበትን ለዩ። በጆንያ አስቀምጡት እንጂ ፌስታል ውስጥ አትጠቅጥቁት፣ ያልበዋል። በነገራችን ላይ ሽንኩርት ለከብት ጥሩ አይደለም፤ ሲበዛ ደማቸውን ይጎዳል። ስለዚህ «ላሟ ትብላው» አይሠራም።

ፈትሉን ማዘጋጀት

ልቃቂቱን እንዳለ ከነከራችሁት ውስጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ፍቱትና ከክርናችሁ እስከ መዳፋችሁ እየጠመጠማችሁ ሰፊ ቀለበት አድርጉት። አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ጠበቅ ካለ እዚያ ቦታ ቀለም አይገባም። የበግ ፀጉር ቅባት አለው፣ ቅባቱ ካልለቀቀም ቀለሙ ይዥጎረጎራል። ለብ ባለ ውሃና በሻምፖ ወይም በለስላሳ ሳሙና ዘፍዝፉት፣ ጫን ጫን አድርጉት፣ አትሹት። በረኪና በጭራሽ! ጥጥን ያነጣል፣ የበግ ፀጉርን ግን ይበላዋል።

አሉም ማጠጣት

ይህን ደረጃ መዝለል የሚፈልግ ብዙ ነው። «ጨው ጣል አድርጉበት፣ ይይዛል» የሚል ምክርም አይጠፋም። ጨው አይተካውም። ልጣጩ ብቻውን ፈትል ያቀልማል፣ ግን ፈዘዝ ያለና ቶሎ የሚለቅ ነው። ቀለሙን ከፀጉሩ ጋር የሚያስተሳስረው አሉሙ ነው።

አሉሙን በትንሽ ፍል ውሃ አሟሙታችሁ ለብ ያለ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ጨምሩና አማስሉ። ፈትሉን አርጥባችሁ አስገቡ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ አሙቁት፤ አንድ ሰዓት ያህል ይፍጅ። እንፋሎት ሲወጣ፣ ውሃው ግን ሳይንተከተክ፣ ሌላ አንድ ሰዓት አቆዩት። ድንገት ሙቀት ሲቀያየርበት ወይም ሲንገላታ ፀጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠጥራል፣ ከዚያ ወዲያ አይፈታም። ለዚህ ሥራ እንደ ኩበት እሳት የሚመች የለም፤ ዝግ ያለና የማይዋዥቅ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከፍተኛ ቦታ መሆናችሁም ያግዛል። ቢሆንም እንዲንፈቀፈቅ አትፍቀዱ። እዚያው ድስት ውስጥ ይደር።

ማቅለም

ልጣጩን የዚያኑ ዕለት ማታ በሌላ ዕቃ ዘፍዝፉት። ጠዋት አንድ ሰዓት ቀቅሉት፣ ውሃው የጠቆረ ሻይ ይመስላል። በአሮጌ ነጠላ አጥልሉትና ልጣጩን ጭምቅ አድርጉት። ቀለሙ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ እርጥቡን ፈትል አስገቡ። እንደገና ቀስ ብላችሁ አሙቁና ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት አቆዩት። በእንጨት አልፎ አልፎ ገልበጥ አድርጉት፣ አታማስሉት። እሳቱን አጥፍታችሁ እዚያው ይቀዝቅዝ። ከዚያ ጠብታው ንጹሕ እስኪሆን በተመሳሳይ ሙቀት ባለ ውሃ አለቅልቁና ጥላ ላይ አስጡት።

ጠቆር ያለ አረንጓዴ ካማራችሁ የዛገ ምስማር ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሩ። ፈትሉን አውጡ፣ ከኮምጣጤው አንድ ማንኪያ ቀለሙ ውስጥ ጨምራችሁ በደንብ አዋህዱ፣ ፈትሉን መልሱና ለ10 ደቂቃ አቆዩ። ቀለሙ ሲለወጥ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ብረት ሲበዛ ግን ፀጉሩን ሸካራና ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ቁጥብ ሁኑ።

የመንዝ በግ ብዙው ጥቁርና ቡናማ ነው። ጥቁሩ ላይ ምንም አይታይም። ነጩን ለዩ። ግራጫና ፈዛዛ ቡናማውንም አትናቁ፣ ከነጩ የጠለቀ ቀለም ይሰጣል።

ከመሸጣችሁ በፊት

ሁለት ፈተና አድርጉ። አንድ ክር በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹ፤ ጨርቁ ከቆሸሸ ማለቅለቁ አልበቃም። ሌላውን ክር ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ መስኮት ላይ ለሁለት ሳምንት ተዉት። የሽንኩርት ቀለም በፀሐይ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ምን ያህል እንደሆነ ከገዢው በፊት እናንተ እወቁ። ለአልጋ ልብስና ለግድግዳ ጌጥ ይመቻል፣ ሁልጊዜ ፀሐይ ላይ ለሚሰጣ ነገር ግን አልመክርም።

ለአንድ ባና የሚሆነውን ፈትል በሙሉ በአንድ ድስት አቅልሙ። ሁለተኛ ዙር ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም፣ ሸማኔው ሲያያይዘው መስመሩ ይለያል። የተረፈውን ቀለም ግን አትድፉት፤ አሉም የጠጣ ሌላ ፈትል ብትከቱበት ፈዛዛ ቢጫ ይሰጣችኋል፣ ለጥለት ያምራል። የተጨመቀው ልጣጭ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይሂድ። የአሉሙ ውሃ ለሚቀጥለው ፈትል ግማሽ መጠን አሉም ተጨምሮበት ያገለግላል፤ ሲያበቃ ግን ጓሮ አትክልት ላይም ወንዝ ውስጥም አይደፋ።