በአጋጣሚ የሚሠራ የውሃ ቀለም፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሥዕሉን የሚያበላሹ ስህተቶች

ቀለም እንዲሁ ደፍቶ መተውና ቀለሙን ለአጋጣሚ መልቀቅ የተለያዩ ናቸው። በዚህ ዓይነቱ አብስትራክት (የታወቀ ነገር መልክ የማይቀዳ) ሥዕል ቅርጹን የሚያወጣው ውሃው ቢሆንም ስንት ውሃ እንደሚገባና መቼ እንደሚነካ የሚወስነው ሰዓሊው ነው።

መጀመሪያ የሚያሰናክለው ስስ ወረቀት ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ሲረጥብ ይጨማደዳል፤ ቀለሙም በየጎድጓዳው ይተኛል። 300 ግራም የውሃ ቀለም ወረቀት ይመረጣል። ከጠፋ የተገኘውን ወፍራም ወረቀት በኤ4 ግማሽ ቆርጦ አራቱንም ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ጣውላ ላይ መለጠፍ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእርጥብ ቀለም ላይ በሚነሰነሰው ጨው ነው። የጨው ፍሬ በዙሪያው ያለውን ውሃ ሲስብ ቀለሙ አብሮ ይንቀሳቀስና ፈዘዝ ያለ ኮከብ ይቀራል። ወረቀቱ ገና ውሃ ተኝቶበት እያብረቀረቀ ከተነሰነሰ ግን ጨው ይሟሟና ደብዛዛ ነጠብጣብ ብቻ ይተዋል፤ ማብረቅረቁ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ምንም አይሆንም። ጊዜው በሁለቱ መካከል፣ ብልጭታው ደብዘዝ ማለት ሲጀምር ነው። ወረቀቱን ወደ መስኮት አጋድሎ በብርሃን ማየት ይበቃል።

ሰዓት ቆጥሮ መሥራት እዚህ አያዋጣም። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት ወርዶ የሚገኘው አየር ሌላ ነው፤ ከተማዋ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ትሞቃለችም። እኩለ ቀን ላይ አንዱ ጠርዝ ሳይቀባ ሌላው ይደርቃል። ስለዚህ ወረቀቱን አርጥቦ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ፣ እንደገና ማርጠብ ያስፈልጋል። ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ጉም ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ ወረቀቱ አልደርቅ ይላል፣ ጨዉም ራሱ እርጥበት ይዞ ይመጣል። ጨዉን በደረቅ መጥበሻ አመስ አድርጎ ማቀዝቀዝ ይረዳል። ለግማሽ ኤ4 በሁለት ጣት የተቆነጠረ በቂ ነው፤ እንደ ወጥ ጨው አይጨመርም። ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ አንድ ፍሬ ሳይቀር ይራገፍ፤ የቀረው በክረምት እርጥበት እየሳበ ቀለሙን ያበላሻል።

ሦስትና አራት ደማቅ ቀለም በአንድ ጊዜ ማፍሰስም ስህተት ነው። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ በእርጥቡ ሲገናኙ ውጤቱ ጭቃ ነው። ሁለት ይበቃሉ፤ ለምሳሌ አልትራማሪን ሰማያዊና ቡናማ። አልትራማሪን ብናኙ ሻካራ ስለሆነ በወረቀቱ ጎድጓዳ ገብቶ የሚያምር ቅንጣት ይሠራል። የአተር ፍሬ የሚያህል ቀለም በአንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ይበጠበጥ። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ስለሚፈዝ ከሚፈለገው ደመቅ ብሎ መጀመር አለበት።

የተጨማደደ ፌስታል በእርጥብ ቀለም ላይ ተጭኖ ሲተው ስንጥቅጥቅ ያለ የድንጋይ መልክ ይወጣል። ስህተቱ ቶሎ ገልጦ ማየት ነው፤ ሥር ያለው ቀለም ፈስሶ መስመሩን ያጠፋዋል። በላዩ ክብደት አድርጎ፣ በደሴ ክረምት ከሆነ እስከ ማግስቱ መተው ነው። በፀጉር ማድረቂያ ማቻኮልም አይመከርም፤ ነፋሱ ኩሬውን ይገፋዋል፣ የጨዉንም ሥራ በመሀል ያቋርጠዋል።

ቀለም እንዳይዘው በሚፈለገው ቦታ ጧፍ ወይም ሻማ የሚሰመረው በደረቅ ወረቀት ላይ፣ ከቀለም በፊት ነው። እርጥብ ላይ ሰሙ አይይዝም። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል በጠብታ ሲነካ ቀለሙን በክብ ይገፋዋል፤ ከሰል በተያያዘበት ክፍል ግን ፈጽሞ አይከፈትም።

ከሁሉ የሚከፋው ብሩሽ ይዞ ለማስተካከል መመለስ ነው። ግማሽ በደረቀ ቀለም ላይ አዲስ ውሃ ሲወርድ ብናኙን እየገፋ ሄዶ ጠርዙ ላይ ያከማቸዋል፤ የአበባ ጎመን የሚመስል እድፍም ይተዋል። ሆን ተብሎ ከሆነ ያምራል፣ በስህተት ሲሆን ግን መሀል ሥዕሉን ይበላል። ጠርዝ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ካለ በጨርቅ ጫፍ መምጠጥ እንጂ ሌላ አያስፈልግም። ከደረቀ በኋላ ከካርቶን የተቆረጡ ሁለት የኤል (L) ቅርጽ ያላቸው ቁራጮችን እንደ መስኮት እያንሸራተቱ ሉሁን ማሰስ ነው። ያልተሳካ ከሚመስለው ሉህ ፖስት ካርድ የሚያህል ጥሩ ክፍል ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ እሱን ቆርጦ ማውጣት፣ ትርፉን ደግሞ ለቀለም መሞከሪያ ማስቀመጥ።