ከሌላ የተወሰደ ዜና በማውጣት ክስ የደረሰበት አነስተኛ ድረ ገጽ በአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዴት መልስ ይሰጣል?

ከጋዜጣ የወሰደውን ጽሑፍ በድረ ገጹ ላይ ያወጣ ሰው አንድ ቀን ከሕግ ቢሮ ፖስታ ሲደርሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ደንግጦ የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል፣ ወይ ደግሞ «ምን ያመጣሉ» ብሎ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። ከዚህ በታች የቀረበው ቅደም ተከተል በዩናይትድ ስቴትስ ሕግ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ባለቤቶቻቸው እዚያው የሚኖሩ የአማርኛ ድረ ገጾች ጥቂት ስላልሆኑ ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ጽሑፉ የጠበቃን ምክር አይተካም፤ ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ ምን ይዘው መሄድ እንዳለብዎ ግን ያሳያል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለማስረጃ በብዛት የምንጠቀመው የራይትሄቨንን ታሪክ ነው። ይህ ኩባንያ በ2010 በላስ ቬጋስ ተቋቁሞ፣ ላስ ቬጋስ ሪቪው ጆርናልን ያሳትም ከነበረው ስቲቨንስ ሚዲያ ጋር፣ በኋላም ዴንቨር ፖስትን ከሚያሳትመው ድርጅት ጋር ተስማምቶ፣ የጋዜጦቹን ጽሑፎች ያወጡ ድረ ገጾችን እየፈለገ መክሰስ ጀመረ። ዜና የሚጽፍ ድርጅት አልነበረም፤ ሥራው መክሰስ ብቻ ነበር። በሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ200 በላይ ክሶችን የከፈተ ሲሆን፣ ከተከሳሾቹም መካከል በግላቸው የሚጽፉ ሰዎች፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና አነስተኛ ነጋዴዎች ነበሩ። አብዛኞቹ «ጽሑፉን ከገጻችሁ አውርዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ እንኳ ሳይደርሳቸው በቀጥታ ክስ ተመሠረተባቸው።

1. የደረሰዎ ወረቀት ምን እንደሆነ ይለዩ

ከጠበቃ የመጣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ከአነስተኛ ክሶች ቦርድ የተላከ ማስታወቂያ እና ከፌዴራል ፍርድ ቤት የወጣ መጥሪያ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ የሚጻፈው ቀነ ገደብ የላኪው ፍላጎት እንጂ የሕግ ግዴታ አይደለም፤ ቢሆንም ዝም ማለት አይመከርም። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከክስ ማመልከቻው ጋር በደንቡ መሠረት ከደረሰዎ መልስ የሚሰጡበት ጊዜ 21 ቀን ነው። ከሳሹ መጥሪያው በመደበኛ መንገድ ሳይደርስዎ በፈቃድዎ እንዲቀበሉ በጽሑፍ ከጠየቀዎና እርስዎም ከተስማሙ፣ ጥያቄው ከተላከበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ያገኛሉ። ጊዜ መግዛት ለሚያስፈልገው ተከሳሽ ይህ ትልቅ ጥቅም ስለሆነ ሳያስቡበት አይለፉት። በተባለው ጊዜ መልስ ያልሰጠ ሰው ጉዳዩ በሌለበት ሊወሰንበት ይችላል፤ ያኔ ከዚህ በታች ያሉት መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራ ቢሆኑም የሚሰማቸው አይኖርም።

የአነስተኛ ክሶች ቦርድ በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ሥር ያለ፣ ከ2022 ጀምሮ ክስ የሚቀበልና በአንድ ጉዳይ ከ30,000 ዶላር በላይ ሊፈርድ የማይችል አካል ነው። በዚህ ቦርድ መዳኘት ካልፈለጉ ማስታወቂያው በደረሰዎ በ60 ቀን ውስጥ አልፈልግም የማለት መብት አለዎት። ሆኖም እምቢ ካሉ ከሳሹ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ ስለሚችል፣ ውሳኔው በእልህ ሳይሆን በስሌት ሊሆን ይገባል።

2. ጽሑፉን ከገጹ ያውርዱ፣ ማስረጃውን ግን አያጥፉ

ጽሑፉን ከሕዝብ ዕይታ ማንሳት ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ጉዳቱ እንዳይቀጥል ያደርጋል፣ ለድርድርም ይጠቅማል። ከማውረድዎ በፊት ግን ገጹ እንዴት ይታይ እንደነበረ የሚያሳይ ቅጂ ይያዙ። ጽሑፉ መቼ እንደወጣ፣ ማን እንዳወጣው፣ ስንት ሰው እንዳነበበው፣ በገጹ ላይ ማስታወቂያ እንደነበረና እንዳልነበረ፣ ወደ ዋናው ጋዜጣ የሚወስድ ማያያዣ እንደነበረ የሚያሳዩ መዝገቦችንም ያስቀምጡ። ክስ እንዳለ እያወቁ መዝገብ መሰረዝ ከዋናው ክስ የባሰ ችግር ሊያመጣ ይችላል።

3. የከሰሰዎ ሰው የመብቱ ባለቤት መሆኑን ይመርምሩ

ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ እርምጃ ነው። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት ስለ መብት መጣስ መክሰስ የሚችለው በሕጉ ከተዘረዘሩት ብቸኛ መብቶች፣ ማለትም ከማባዛት፣ ከማሰራጨት፣ ከመተርጎምና ከመሳሰሉት፣ ቢያንስ አንዱን በባለቤትነት ወይም በብቸኛ ፈቃድ የያዘ ሰው ነው። ላስ ቬጋስን ጨምሮ ከምዕራብ ግዛቶች የሚመጣውን ይግባኝ የሚሰማው የዘጠነኛው ወረዳ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2005 እንደወሰነው፣ የመክሰስ መብትን ብቻ ከሌሎቹ መብቶች ነጥሎ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይቻልም።

ራይትሄቨን የወደቀው እዚህ ላይ ነው። በክስ ማመልከቻዎቹ ሁሉ የጽሑፎቹ ባለቤት እንደሆነ ይናገር ነበር። ዴሞክራቲክ አንደርግራውንድ የተባለው የፖለቲካ ድረ ገጽ፣ አንድ ተጠቃሚ ከረጅም ዜና አምስት ዓረፍተ ነገር ቀንጭቦ ከነማያያዣው በማስፈሩ ሲከሰስ ግን ጠበቆቹ በኩባንያውና በጋዜጣው መካከል የተፈረመው ውል እንዲቀርብ አደረጉ። ውሉ በ2011 ለሕዝብ ይፋ ሲሆን፣ ስቲቨንስ ሚዲያ ጽሑፎቹን የመጠቀም መብትን በሙሉ ለራሱ እንዳስቀረ፣ ራይትሄቨን የያዘው ክስ የመመሥረት ሥልጣንን ብቻ እንደሆነ፣ ከወጪ የተረፈውን ገንዘብም ሁለቱ እኩል እንደሚካፈሉ ታወቀ። ዳኛ ሮጀር ሃንት በሰኔ 2011 ኩባንያው ለመክሰስ የሚያበቃ መብት የለውም ብለው ወሰኑ፤ ውሎ አድሮም ስቲቨንስ ሚዲያ በክሶቹ ውጤት የገንዘብ ጥቅም ያለው መሆኑን ኩባንያው ለፍርድ ቤቱ ሳይገልጽ በመቅረቱ 5,000 ዶላር ቀጡት። ሌሎች ዳኞችም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ፤ በ2013 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አጸናው። ከዚህ ውሳኔ በፊት ግን በርካታ ተከሳሾች ውሉን ማንም ሳያይላቸው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍለው ተለያይተው ነበር።

ስለዚህ ለከሳሹ ጠበቃ በሚጽፉት የመጀመሪያ መልስ ላይ ሦስት ነገሮችን በትሕትና ይጠይቁ፦ ጽሑፉን የጻፈው ማን ነው? መብቱ ከጸሐፊው ወይም ከጋዜጣው ወደ ከሳሹ የተላለፈበት የተፈረመ ሰነድ የት አለ? በሰነዱ ውስጥ ለመጀመሪያው ባለቤት የቀረ መብት አለ? ከሳሹ ጋዜጣው ራሱ ከሆነና ጸሐፊው የጋዜጣው ቋሚ ሠራተኛ ከሆነ ይህ በር ብዙ አይከፈትም፤ ባለቤቱ አሠሪው ነውና። ጸሐፊው የጋዜጣው ተቀጣሪ ሳይሆን በግሉ የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም ከሳሹ ከጋዜጣው የተለየ ድርጅት ከሆነ ግን ጥያቄው ሙሉ ክብደት አለው።

4. ምዝገባውን ይፈትሹ

በአሜሪካ የወጣ ጽሑፍ ባለቤት ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት በቅጂ መብት ቢሮ ሊያስመዘግበው ይገባል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በመጋቢት 2019 በግልጽ የወሰነው በዚሁ በዜና ጉዳይ ነው፤ ፎርዝ እስቴት የተባለ የዜና ድርጅት ጽሑፎቹን በፈቃድ ይወስድ የነበረና ውሉ ከተቋረጠ በኋላም ከገጹ ያላወረደ ድረ ገጽን ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም ማመልከቻ ማስገባት ብቻውን አይበቃም፣ ቢሮው ምዝገባውን መፈጸም ወይም መከልከል አለበት አለ። የቢሮው መዝገብ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ የጽሑፉን ርዕስ፣ የጋዜጣውን ስምና የወጣበትን ወር ይዘው ይፈልጉ።

ከምዝገባው በላይ ግን ቀኑ ወሳኝ ነው። ከሳሹ ጉዳቱን በማስረጃ ሳያሰላ የሚጠይቀው፣ ሕጉ ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከተፈጸመም እስከ 150,000 ዶላር ያስቀመጠው ካሳ፣ እንዲሁም የጠበቃ ወጪ፣ ምዝገባው ከጥሰቱ በፊት ካልተከናወነ አይፈቀድም። ጽሑፉ ከወጣ በሦስት ወር ውስጥ ከተመዘገበ ግን ምዝገባው ከጥሰቱ በኋላ ቢሆንም ካሳው አይቀርም። የራይትሄቨን ስልት የተመሠረተው በዚህ ላይ ነበር፤ መጀመሪያ የተገለበጠውን ጽሑፍ ያገኛል፣ ከዚያ ያስመዘግባል፣ ከዚያ ይከሳል። ሦስቱ ወራት ካለፉ በኋላ የተመዘገበ ከሆነ ከሳሹ የሚያገኘው የደረሰበትን እውነተኛ ጉዳትና እርስዎ ያገኙትን ትርፍ ብቻ ሲሆን፣ ለአንድ አነስተኛ ድረ ገጽ ይህ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጽሑፍ የፈቃድ ክፍያ ብዙ አይርቅም። ከውጭ አገር የወጣ ሥራ ሳይመዘገብም ሊከሰስበት ይችላል፤ ይህን ካሳ ለመጠየቅ ግን ለእሱም ምዝገባ ያስፈልገዋል። ክስ የሚመሠረትበት ጊዜ ደግሞ ሦስት ዓመት ነው።

5. ምን ያህል እንደወሰዱና ለምን እንደወሰዱ በሐቅ ይመዝኑ

ሕጉ ዜናውን ሳይሆን አጻጻፉን ነው የሚጠብቀው። የምርጫ ውጤት ወይም የአደጋ ዜና የማንም ንብረት አይደለም፤ በራስዎ ቃል ከጻፉት ማንም አይከስዎትም ለማለት ባይቻልም መከላከያዎ ጠንካራ ነው። ሙሉ ጽሑፉን ገልብጦ ከሥሩ «ምንጭ» ብሎ የጋዜጣውን ስም መጻፍ ግን ፈቃድን አይተካም። ከእንግሊዝኛ ጋዜጣ ሙሉ ዘገባ ወደ አማርኛ መተርጎምም እንዲሁ ነው፤ መተርጎም በሕጉ ለባለቤቱ ብቻ ከተሰጡት መብቶች አንዱ ስለሆነ፣ ተርጓሚው ሌሊቱን ሙሉ ቢደክምበትም የባለቤቱን ፈቃድ ይሻል። በእኛ ድረ ገጾች ዘንድ ይህ ነጥብ እንደ ዋዛ ይታለፋል።

ፍትሐዊ አጠቃቀም የሚባለው መከላከያ አራት ነገሮችን ይመዝናል፤ የአጠቃቀሙን ዓላማ፣ የሥራውን ባሕርይ፣ የተወሰደውን መጠንና በባለቤቱ ገበያ ላይ ያመጣውን ውጤት። በ2010 ዳኛ ላሪ ሂክስ ራይትሄቨን በከፈተው ክስ ከ30 ዓረፍተ ነገር ስምንቱን የወሰደ የቤት ሻጭ ገጽን ነጻ አወጡ። በቀጣዩ ዓመት ዳኛ ጄምስ ማሃን በኦሪጎን፣ ፖርትላንድ የሚገኝ ለስደተኞች የሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት ሙሉ ጽሑፉን ቢያወጣም ዓላማው ማስተማር እንደሆነና ራይትሄቨንም ጽሑፉን ለክስ እንጂ ለዜና እንደማይጠቀምበት አይተው ለድርጅቱ ፈረዱ። እነዚህን ውሳኔዎች የሚያነብ ሰው «እንግዲያው ሙሉውን ማውጣት ተፈቅዷል» ብሎ እንዳይደመድም እመክራለሁ። ሎስ አንጀለስ ታይምስና ዋሽንግተን ፖስት ፍሪ ሪፐብሊክ የተባለውን ድረ ገጽ ሲከሱ፣ ካሊፎርኒያ ያለው ፍርድ ቤት ተጠቃሚዎች ሙሉ ዜና እየለጠፉ አስተያየት መስጠታቸውን በ2000 ፍትሐዊ አጠቃቀም አይደለም ብሏል። በራይትሄቨን በኩልም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ዳኛ ፊሊፕ ፕሮ ሙሉ ጽሑፍን ማውጣት ፍትሐዊ ነው ያሉበትን ክፍል ሰርዞ ያጸናው የመክሰስ መብት የለውም የሚለውን ብቻ ነው። ኩባንያው የተሸነፈው በዋነኛነት በውሉ ጉድለት ነው፤ ያንኑ ጽሑፍ ጋዜጣው በራሱ ስም ከስሶበት ቢሆን ኖሮ የብዙዎቹ ተከሳሾች ዕጣ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

6. የለጠፈው ማን እንደሆነ ይለዩ

ጽሑፉን ያወጣው እርስዎ ወይም የእርስዎ አዘጋጅ ሳይሆን ከአንባቢዎችዎ አንዱ ከሆነ፣ በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ከካሳ ሊያድንዎ ይችላል። ለዚህም አቤቱታ የሚቀበል ሰው በቅጂ መብት ቢሮ አስመዝግበው የተገኙ፣ ጥሰቱን ቀድመው ያላወቁ፣ እንዳወቁም በፍጥነት ያወረዱና ደጋግመው የሚጥሱ ተጠቃሚዎችን የሚያግዱ መሆን አለብዎ። ምዝገባው 6 ዶላር ያስከፍላል፤ በየሦስት ዓመቱም መታደስ አለበት። የራይትሄቨን ክስ የደረሰባቸው ብዙዎች ይህን ቅጽ አልሞሉም ነበር። ክስ ከደረሰዎ በኋላ መመዝገብ ያለፈውን አይሸፍንም፤ የሚመጣውን ግን ይሸፍናልና በዚያው ሳምንት ይመዝገቡ።

7. የሚጠየቁትን ገንዘብ ፍርድ ቤት በእውነት ሊያስከፍልዎ ከሚችለው ጋር ያወዳድሩ

በክስ ማመልከቻ ላይ 75,000 ወይም 150,000 ዶላር ተጽፎ ሲያዩ ያ ቁጥር ሕጉ ካስቀመጠው ጣሪያ የተቀዳ እንጂ ፍርድ ቤት ያሰላው እንዳልሆነ ያስታውሱ። ራይትሄቨን ከገንዘቡ በተጨማሪ የተከሳሹ ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ እንዲተላለፍለት ይጠይቅ ነበር፤ ዳኛ ሃንት በሚያዝያ 2011 የቅጂ መብት ሕግ እንዲህ ያለ መፍትሔ እንደማያውቅ ገልጸው ጥያቄውን ውድቅ አደረጉት። ዶሜይንዎን እንዲያስረክቡ የሚጠይቅ ደብዳቤ ከደረሰዎ ይህን ለጠበቃዎ ይንገሩ። (የዕጣ ነገር ሆኖ፣ ኩባንያው በአንድ ጉዳይ ለረታው ተከሳሽ የጠበቃ ወጪ ከ34,000 ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈርዶበት ባለመክፈሉ የራሱ ዶሜይን በጨረታ ተሸጠ።)

የቤት ወይም የንግድ ኢንሹራንስ ካለዎት ውሉ የኅትመት ክስን ይሸፍን እንደሆነ ከጠበቃ በፊት ይመልከቱት፤ ማሳወቂያው ቢዘገይ መድን ሰጪው ወጪውን አልሸፍንም ሊል ይችላል። በዚህ ዓይነት ክስ ያለ ክፍያ የሚሟገቱ ድርጅቶችና የሕግ ትምህርት ቤት ክሊኒኮችም አሉ፤ ዴሞክራቲክ አንደርግራውንድን ከወከሉት መካከል ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን አንዱ ነበር።

መክፈል ከመከራከር ይሻላል ካሉ፣ ከስልክ ስምምነት በኋላ ገንዘብ አይላኩ። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ እውነተኛውን የመብት ባለቤት በስም ይጥራ፤ ባለቤቱና ከሳሹ ሁለቱም ይፈርሙበት። በድረ ገጽዎ ላይ እስከ ስምምነቱ ቀን ድረስ የወጡትን የዚያን ባለቤት ጽሑፎችና ፎቶግራፎች በሙሉ ይሸፍን፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ወር ስለ ሌላ ጽሑፍ ሌላ ፖስታ ይመጣል። ክሱ ተከፍቶ ከሆነ ዳግም በማይቀርብበት ሁኔታ እንደሚዘጋ ይጻፍበት፤ ክፍያውም መዝገቡ መዘጋቱን የሚያሳየው ማመልከቻ ለፍርድ ቤቱ በሚገባበት ቀን የሚፈጸም ይሁን።