«ስንተኛ ወጣህ?» እና ሌሎች ወላጆች ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰኔ 30 ለልጆች ሁለት ነገር ነው። ካርድ የሚቀበሉበት ቀን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ «ሰኔ 30 እንገናኝ» ሲባባሉ የከረሙትም ቂማቸውን የሚወጡበት ቀን ነው። ለወላጅ ግን ካርድ ብቻ ነው። እኔም የሁለት ልጆች አባት ሆኜ ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ።

«ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ መጀመር

ልጁ ቦርሳውን ሳያወርድ የምንጠይቀው ይህንን ነው። ሦስተኛ ካለን ደግሞ «አንደኛና ሁለተኛ እነማን ናቸው?» እንላለን። ደረጃ እኮ ስለ ልጁ ብቻ አይናገርም። አብረውት ስለሚማሩት ልጆችም ነው የሚናገረው። ያው 82 አማካይ አንዱ ክፍል ውስጥ አንደኛ ያስወጣል፣ ሌላው ክፍል ውስጥ አሥራ አምስተኛ።

ካርዱ ላይ ከቁጥሮቹ ሌላ የሚነበብ ነገር አለ፦ ጸባይ፣ የቀረበት ቀን፣ የክፍል ኃላፊው አስተያየት። በቀደም የትልቁን ልጄን የአራተኛ ክፍል ካርድ ሳገላብጥ «ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን በእረፍት ሰዓት ለብቻው ይቀመጣል» የሚል አገኘሁ። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ። ያኔ አላነበብኩትም። ሁለተኛ ወጥቶ ነበራ!

ለጥናት ሲባል ጨዋታንና እንቅልፍን መቁረጥ

ፈተና ሲደርስ መጀመሪያ የሚታገደው ኳስ ነው። እስቲ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ ልጆችን ቆም ብላችሁ እዩ። አንዷ መስመር ረግጠሻል ትባላለች። አልረገጥኩም ትላለች። ዳኛ የለም። ይጨቃጨቃሉ፣ ያኮርፋሉ፣ በመጨረሻ ራሳቸው ይፈቱታል። ካልፈቱት ጨዋታው አይቀጥልማ! ይህንን በየትኛው ክፍለ ጊዜ ነው የሚማሩት?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል። ከሰርቪስ ወርዶ ወደ አስጠኚ፣ ከአስጠኚ ወደ ቤት ሥራ፣ ከዚያ ወደ እራትና አልጋ የሚሄድ ልጅ ይህንን ከየት ያመጣዋል? ኮንዶሚኒየም ላይ ቦታ እንደሌለ፣ መኪናም እንደሚያሰጋ አውቃለሁ፤ የምኖረው እዚያው ነው። ገመድ ለመዝለል ግን የመኪና ማቆሚያው ጥግም ይበቃል።

እንቅልፉንም አስሉት። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ማታ 4 ሰዓት ተኝቶ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ልጅ ግን የተኛው ሰባት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ከዚያ «ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል» ተብሎ ወላጅ ይጠራል።

የልጁን ሥራ ራስ መሥራት

ሴቷ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለች የሥርዓተ ፀሐይ ፕሮጀክት ታዘዘች። ካርቶን ቆረጥኩ፣ ኮላ ቀባሁ፣ ለሳተርን ከሽቦ ቀለበት ሠራሁለት። እሷ ሦስት ሰዓት ላይ ተኛች። እኔ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ከቀናት በኋላ ቢሮ ገብቼ «ዘጠኝ ከአሥር አገኘን!» አልኩ። ባልደረባዬ ቀና ብሎ «ስንተኛ ክፍል ናችሁ?» አለኝ።

ማታ ለፀሐይ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ ስጠይቃት «አባዬ፣ አንተ አይደለህ እንዴ የሠራኸው?» አለችኝ።

ቤት ሥራውን አብሮ የሚሠራ አስጠኚም ያው ነው። ደብተሩ ላይ ራይት ይበዛል። መምህሩ ልጁ የገባው ይመስለዋል፤ ስለዚህ ደግሞ አያስረዳውም።

ከአክስት ልጅ ጋር ማወዳደር

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ሁላችንም ተወዳድረን ነው ያደግነው። የዚያን የአክስት ልጅ ስም ስንሰማ እስካሁን ፊታችን ይቋጠራል።

በውጤት ማስፈራራት

ለ60 የተገረፈ ልጅ በሚቀጥለው 80 ለማምጣት አጭሩን መንገድ ይፈልጋል። አጭሩ መንገድ ኩረጃ ነው። ሌላው ካርድ መደበቅ፣ ሲብስም የአባትን ፊርማ አስመስሎ መፈረም ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለማስቀረት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም ኮሮናም አለበት። ግን እነዚያ ልጆች በየዓመቱ «ተዛውሯል»፣ «ተዛውራለች» የሚል ካርድ ይዘው ቤት ሲገቡ የኖሩ ናቸው። እኛም እልል ስንል ነበር። ውጤት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ የእኔም ልጆች ያጠናሉ። ቁጥሩ ምን ያህል እውቀት እንደያዘ ግን ሳይጠይቁ መፈረም አይገባም።

«አንተ ብቻ አጥና፣ ሌላውን ተወው»

የእህቴ ልጅ እንዲህ ነው ያደገው። ሳህን አያነሳም፣ ሱቅ አይላክም፣ እንግዳ ሲመጣ ከክፍሉ አይወጣም። ውጤቱ ግን አንገት አያስደፋም። ምደባ ሲወጣ ከአዲስ አበባ ጅማ ደረሰው።

በመጀመሪያው ሳምንት ደውሎ «እማዬ፣ ካልሲ በሙቅ ውኃ ነው በቀዝቃዛ የሚታጠበው?» አለ። ሳቅን። በሁለተኛው ሳምንት የወር ብሩ አለቀ። በሦስተኛው ሳምንት በሎከር ቁልፍ የተነሳ ከዶርም ጓደኛው ጋር ተኮራረፈ። እንዴት እንደሚታረቀው ግራ ገብቶት ማታ ማታ እየደወለ ያለቅስ ጀመር። ያን ጊዜ አልሳቅንም። 18 ዓመቱ ነበር፤ ከሰው ጋር ተጣልቶ መታረቅን ገና መጀመሩ ነው።

አሁን እህቴ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ሽሮ የሚሠራው ታናሽየው ነው፤ 13 ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሄጄ በላሁለት። ጨው በዝቶበታል። ሁለቴ አስጨመርኩ።