ለአንድ ፈረስ ስንት መሬት ይበቃል?

ሁለት ፈረሶች አሉኝ፤ ዳማው እና ባዝራዋ። መጀመሪያ የለቀቅኳቸው ግማሽ ሄክታር መስክ ላይ ነበር። ልምላሜውን አይቼ «እንዲያውም ይተርፋቸዋል» አልኩ። በሦስት ወር ውስጥ በሩ አካባቢ ጭቃ ብቻ ቀረ።

ሂሳቡ ቀላል ነበር፣ አልሠራሁትም እንጂ። ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። 450 ኪሎ ከመዘነ 9 ኪሎ መሆኑ ነው። እርጥብ ሳር አብዛኛው ውሃ ስለሆነ፣ በእርጥቡ ከታሰበ ወደ 45 ኪሎ ይጠጋል። ይሄ የአንዱ ብቻ ነው!

ስለዚህ በግጦሽ ብቻ እንዲኖር ካሰባችሁ፣ ሳር በደንብ በሚበቅልበት ቦታ ለአንድ ፈረስ ከ0.4 እስከ 0.8 ሄክታር ያዙ። ዝናብ በሚያጥርበት ቦታ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊያስፈልግ ይችላል። መሬታችሁ ካነሰ ድርቆሽ ትገዛላችሁ፤ መስኩ እግር ማፍታቻ ይሆናል።

እኔን ያታለለኝ ግን ስፋቱ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን ባዝራዋ ጉልበቷ የሚደርስ ሳር ትታ መላጣው ላይ ስትነጭ አየሁ። ያመማት መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳሩን ስገልጥ ሥሩ ፋንድያ ሞልቷል። ፈረስ ፋንድያ የጣለበትን አይግጥም። የወደደውን ቦታ ደግሞ ላይና ታች ባለው የፊት ጥርሱ ከሥሩ ይላጨዋል። እንዲህ እያለ የመስኩ ግማሽ ከጥቅም ውጪ ይሆናል።

አሁን መስኩ አንድ ሄክታር ነው፤ በኤሌክትሪክ አጥር አራት ቦታ ከፍዬዋለሁ። ሳሩ ስንዝር ሲሞላ አስገባለሁ፤ አራት ጣት ሲቀረው አወጣለሁ። የለቀቁት ክፍል ሦስት አራት ሳምንት ያርፋል። በደረቅ ወቅት ግን ቀን አልቆጥርም፤ በስንዝሬ ነው የምመራው። ፋንድያውን በሳምንት ሁለቴ እለቅማለሁ፤ የሆድ ትል የሚዛመተው በእሱ ነው። አራቱም ክፍል ካልደረሰ ጠጠር ያለበት ትንሽ ግቢ ውስጥ ዘግቼባቸው ድርቆሽ እሰጣለሁ። ያቺ ግቢ ባትኖር መስኩ እስካሁን አልቆለት ነበር።

ከድርቆሽ ወደ ለጋ ሳር ስትመልሷቸው በአንዴ አትልቀቁ። ሰኮናቸው ውስጥ ያብጥና ያነክሳሉ፤ ሲብስ መራመድ ያቅታቸዋል። እኔ በግማሽ ሰዓት ጀምሬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እጨምራለሁ። ባዝራዋ ስጠራት ትመጣለች። ዳማው ግን ሆዳም ነው፤ ሰዓቱ ደርሶ ሳወጣው እስከ ዛሬ በሩ ላይ እግሩን ተክሎ ይገትረኛል።